ድንጋይ አንሺው የፈራው ዓይን

አንድ ድንጋይ አንሺ ነበር። ታሪኩን የነገረችኝ በርበሬ አስፈጪዋ አመለወርቅ ናት። እሷ ከእናቷ ሰማችው፤ እናቷ ደግሞ ወረፋ ይዛ ቆማ በዓይኗ ያየችው ነው። አመለወርቅ ወሬ ስታወራ ጨው ታበዛለች ይሏታል። ይህን ስትነግረኝ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

ድንጋይ አንሺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚያች ከተማ የነበረው ወፍጮ አንድ ብቻ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ ሲፈጭ ይደነዝዛል፣ ዱቄቱም ይሻክራል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ከማሽኑ ይወርድና በመዶሻና በመሮ ይወቀራል። ማውረዱ ችግር የለውም፤ በሳንቃ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ጭንቁ መመለሱ ነው። ድንጋዩ አንድ ኩንታል ከሩብ ይመዝናል። መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ሰንሰለት ይገባል፣ ሰንሰለቱ ላይ የብረት ዘንግ ይታሰራል። ከዚያ አንድ ሰው ድንጋዩን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ያጎነብሳል፣ ዘንጉን በሁለት እጁ ይጨብጣል፣ ድንጋዩን ከመሬት እስከ ጉልበቱ ያነሳና ማሽኑ ላይ ያሳርፈዋል። አንድ ሰው ማለቴ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ነው። በማሽኑና በግድግዳው መካከል ሁለት ሰው አይቆምም።

ይህን ሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩት ጋሽ ልመንህ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው የታወቀ ነው። ያን ጊዜ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ድንጋይ ሲነሳ ሰዉ ተሰብስቦ ያያል፣ ያጨበጭባል። አንድ ቀን ጋሽ ልመንህ ዘንጉን እንደጨበጡ፣ ሳይጮኹ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አልቆሙም። ከወገባቸው በታች ያለው ሥጋ የራሳቸው አልሆነም። ቤታቸው ከወፍጮው ጎን ነው፤ ሁልጊዜ ደጃፋቸው ላይ ሁለት እግራቸው እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ፊታቸው ተቀምጦ ይታያሉ። ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሁሉ በእሳቸው ፊት ያልፋል።

ከተማው ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። የሰው ዓይን ነው ተባለ። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እያደነቀ፣ አንዱ ክፉ ዓይን ገብቶባቸው ነው ተባለ። እሳቸውም አመኑ።

ስለዚህ ደረበ የሚባል ጎልማሳ ሥራውን ሲረከብ፣ ጋሽ ልመንህ ከተቀመጡበት ሆነው አስተማሩት። ደረበ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ገና ሚስት ያገባ ሰው ነው። የሚኖርበት ቤት የባለ ወፍጮው ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «መስኮቱን በማዳበሪያ ሸፍን። በሩን ዝጋ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር። ዓይን ሳያገኝህ ባንዴ መንጭቀህ አንሳና ውጣ። ቀስ ያልክ እንደሆነ ያገኝሃል።»

ደረበም እንደተባለው አደረገ። ሁለት ዓመት ሙሉ በተሸፈነ መስኮት፣ በተዘጋ በር፣ ብቻውን ሲመነጭቅ ኖረ። አንገቱ ላይ ሦስት ክታብ ነበረበት። የድንጋይ ቀን ሲደርስ እህል በአፉ አይዞርም ነበር። ሚስቱ ዝማም ከውጭ ቆማ የድንጋዩን ድምፅ ትጠብቃለች። ድንጋዩ ማሽኑ ላይ ሲያርፍ «ጓ!» ይላል። ያን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ነው የምትቆየው።

አሁን ደግሞ ስለ ብርቄ ልንገራችሁ። ብርቄ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ዕድሜዋ የገፋ፣ ብቻዋን የምትኖር። በዚያች ከተማ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይባላል። ስታልፍ እናቶች የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ወፍጮ ቤት ስትመጣ ከኋላዋ የሚሰለፍ ስለሌለ፣ ጠብ ከሚነሳ ብላ ከቤቱ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ስር ትቆማለች። አንድ የድንጋይ ቀን እዚያው ቆማ ሳለ፣ ማዳበሪያው ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አገኘች። ሰው ናትና አየች።

ያየችው ጉልበቱን አይደለም፤ ጉልበቱንማ ማን ያጣዋል? ያየችው ጀርባውን ነው። ድንጋዩን ሲመነጭቅ ዳሌው ቀድሞ ወደ ላይ ተነሳ፣ ጀርባው እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ድንጋዩም ከእግሩ ርቆ ተወዘወዘ። ብርቄ ዕድሜዋን ሙሉ እርጥብ ገንቦ ስታይ የኖረች ሴት ናት። የገንቦ ጎን ከመውደቁ በፊት የቱ ጋ እንደሚያብጥ ታውቃለች። በደረበ ወገብ ላይ ያንኑ አየች።

ደረበ ላቡን እየጠረገ ሲወጣ ጠበቀችው።

«አንተ ልጅ! ወገብህ ሊከዳህ ነው። ስታነሳ ጀርባህ ይጎብጣል፤ አየሁት።»

ወረፋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ደረቷ ጎትታ «አየሁት አለች! ሰምታችኋል? በአፏ አየሁት አለች!» ብላ ጮኸች።

ባለ ወፍጮው ዱቄት እንደለበሰ ወጣ። «ማነው ወደ መስኮቱ ያስጠጋት?»

«ዓይን ስላለኝ አየሁ። ምን ላድርግ፣ ልታወር?» አለች ብርቄ።

«ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይሽ። እህልሽን ቤትሽ ውቀጪ!»

እህሏን አዝላ ሄደች። ደረበ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወገቡ ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ ይመስለው ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ ደረበና ዝማም ከገበያ ሲመለሱ፣ ከኋላ አንድ መንገደኛ «ወንድም! ወንድም! ጫማህ!» አለ። ደረበ ዞር ሲል የግራ እግር ጫማው ከኋላው ሃያ እርምጃ ርቆ መንገዱ ላይ ወድቋል። ዝማም ወደ እግሩ አየች። በባዶ እግሩ ጠጠር ላይ ሲሄድ ነበር፤ ተረከዙ ስር ደም አለ።

«መቼ ወለቀ?» አለችው።

«እኔ እንጃ።»

«እንዴት እንጃ ትላለህ? እየደማህ እኮ ነው!»

ደረበ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ቆነጠጠው፤ የሌላ ሰው ጣት የቆነጠጠ ያህል ነው። ዝማም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቀጥ ብሎ ወደ ጋሽ ልመንህ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ አላወቅኩትም።»

ሽማግሌው ወደ እግሩ አዩ። «የቱ እግርህ ነው?»

«ግራው።»

«የእኔም በግራው ነው የጀመረው። በጫማ።»

ደረበ ጠጋ አለ። «ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አነሱ?»

«አንድ ጊዜ» አሉ ጋሽ ልመንህ።

ሽማግሌው እንደተቀመጡ እሱ እንደቆመ ተያዩ። ቀጣዩ የድንጋይ ቀን ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

«ምን ይሻለኛል?»

«ያየችህን ፈልጋት። ጀርባህ ላይ ትትፋበት። የተፋችበት እንደሆነ ይለቅሃል። እኔ ማን እንዳየኝ ሳላውቅ ነው የቀረሁት። አንተ እድለኛ ነህ፤ ታውቃታለህ።»

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። እግሩ ሊሄድ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ምራቅ ነው። እኛም በሱ ቦታ ብንሆን ከዚህ የተሻለ ነገር እናስብ ነበር ብዬ አልፎክርም።

ባልና ሚስት ወደ ብርቄ ቤት ሄዱ። ብርቄ ጭቃ እያቦካች ነበር፤ ቀና ብላ አየቻቸው። ዝማም ወዲያው ነጠላዋን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ለካ አርግዛለች።

«እትዬ ብርቄ፣ በፈጠረሽ፣ እንትፍ በይበትና ልቀቂው» አለች።

«ምኑን ነው የምለቀው? መቼ ያዝኩት?»

«አይተሽው የለ?»

ብርቄ ወደ መሬት ተፋች። «ይኸውላችሁ። ምራቄ ይኸ ነው። ወገብ የሚያቀና ከሆነ እፈሱና ውሰዱት።» ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። «ያየሁትን ልንገርህ ብል በሰው ፊት አዋረዳችሁኝ። አሁን ደግሞ ምራቄን ፍለጋ መጣችሁ? በል፣ ያ ቅርጫት ጭቃ አለበት። አንሳው። ጀርባህን ወደ እኔ አድርገህ።»

ደረበ አልተነቃነቀም። ክታቡን ጨበጠ። ያ ኩንታል ከሩብ የሚያነሳ ሰው ግንባሩ ላይ ላብ ፈሰሰ።

«ለምን ጀርባዬን ትፈልጊያለሽ?»

«ፊትህንማ አንተም በመስታወት ታየዋለህ።»

ዝማም ክንዱን ያዘችው። መሸሽ ትፈልጋለች፤ ግን ያ ደም ያለበት ተረከዝ ትዝ ይላታል። «ደረበ፣ እኔ እዚህ አለሁ» አለችው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ዞረ።

ብርቄ ምርኩዟን አነሳች፤ ቀጥ ያለች የወይራ ዱላ ናት። ከጭንቅላቱ ኋላ እስከ መቀመጫው ጀርባው ላይ አጋደመቻት። «ያዢው አንቺ ልጅ» አለቻት ዝማምን። «ጭንቅላቱን፣ የትከሻውን መሃል፣ ከታች ደግሞ የመቀመጫውን አጥንት፣ ሦስት ቦታ ይንካ። አሁን አጎንብስ።»

ደረበ እንደለመደው አጎነበሰ። ዱላው ከታች ከአጥንቱ ላይ ተነስቶ በአየር ላይ ቀረ።

«ኧረ ጎበጠ!» አለች ዝማም። «ደረበ፣ ጎብጠሃል እኮ! እንደ ድመት!»

«እኔ ቀጥ ብያለሁ» አለ ደረበ። ከልቡ ነበር፤ ቀጥ ያለ ይመስለዋል።

«አየሽ አይደል?» አለች ብርቄ ወደ ዝማም ዞር ብላ። «እንግዲህ አንቺም ቡዳ ሆንሽ።»

ዝማም ልትስቅ ቃጣት፤ ግን አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረበ ከዝማም ጋር በየቀኑ ወደ ብርቄ ጓሮ ይሄድ ጀመር። ሰው እንዳያያቸው በእርሻው በኩል ዞረው ነው የሚገቡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ምንም አላነሳም። ዱላው ጀርባው ላይ ተጋድሞ ማጎንበስና መቃናት ብቻ።

«ኩንታል ከሩብ የማነሳ ሰውዬ ዱላ ተሸክሜ ልስገድ?» አለ አንድ ቀን ተናዶ።

«ኩንታል ከሩቡ ነው ዱላውን ያመጣብህ። ዝቅ በል።»

ብርቄ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ከጉድጓድ ጭቃ በጀርባዋ አዝላ ስታመላልስ የኖረች ናትና፣ ሸክም ምን እንደሚወድ ታውቃለች። «መጀመሪያ ዳሌህን ወደ ኋላ ላከው፤ ሳታየው ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ። ሸክሙ ቅልጥምህን ይንካ፤ ከአንተ በራቀ ቁጥር ይከብዳል። ሆድህን በአየር ሙላና ቆልፈው። አትመንጭቅ! መጀመሪያ እጅህ ይወጠር፣ ሸክሙን ቅመሰው፣ ከዚያ ነው የምትነሳው። ሸክሙን ወደ ላይ ጎትተው አላልኩም፤ በእግርህ መሬቱን ወደ ታች ግፋው።»

በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ ቅርጫት ጭቃ ሰጠችው። ከዚያ በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ድቡልቡል ትጨምርበታለች። ዝማም ዱላውን ይዛ ከኋላ ትቆማለች። ዱላው ከአጥንቱ በተነሳ ቁጥር ሁለቱም ሴቶች ባንድ አፍ «ልቀቀው!» ይላሉ። የብርቄ ሕግ አንድ ነበር። «ልቀቀው ስንልህ ትለቃለህ። ደህና ነኝ አትበል። አንተ አታየውም።»

በየጠዋቱ ዝማም በሰንበሌጥ ጫፍ የግራ እግሩን ጣት ትነካዋለች። «ይሰማሃል?» «አይሰማኝም።» በሚቀጥለውም ቀን «አይሰማኝም።» በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እግሩን ከምንጣፍ ወደ ወለል ሲያወርድ «ይቀዘቅዛል» አለ። ዝማም ሰንበሌጡን ጣለችው። የወለል ቅዝቃዜ እንዲያ የሚያስለቅስ ነገር መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም። እንዲያውም ባሰበት። እግሩ በድን ሆኖ ሳለ የሚያጣው እግር ቀድሞውኑ የሄደ ነበር፤ አሁን የተመለሰለትን ነው የሚያጣው። ጋሽ ልመንህ «አንድ ጊዜ» ያሏት ቃል ጆሮው ውስጥ ነች።

የድንጋይ ቀን ደረሰ። ድንጋዩ ለመወቀር ሦስት ቀን መሬት ላይ ተኝቷል፤ በየቤቱ ዱቄት አልቋል። ሰዉ ከነስልቻው ደጁን ሞልቶታል። ደረበ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባና፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማዳበሪያውን ከመስኮቱ ላይ ገንጥሎ መጣል ነው።

«አብደሃል?» አለ ባለ ወፍጮው።

«እትዬ ብርቄ መስኮቱ ላይ ትቁምልኝ።»

«ቡዳዋን? ወፍጮዬ ላይ?»

«እሷ ካላየችኝ አላነሳም።»

ደጅ የነበረው ሰው ተንጫጫ። ገሚሱ ልጁን እየጎተተ ሸሸ። አንዱ ገበሬ ግን «ልጆቼ ሦስት ቀን ቆሎ ሲቆረጥሙ ሰነበቱ! ሰይጣንም ይቁም፣ ብቻ ይፈጭልን!» ብሎ ጮኸ። ብርቄ ተጠራች። መጣች። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋት፤ ክብር አይደለም፣ እንዳትነካቸው ነው። ጋሽ ልመንህ ከደጃፋቸው በእጃቸው እየዳሁ ወደ መንገዱ ወጡ። «ልጄ ተው! ተው! እንዳታሳያት! እኔን እየኝ!» ይላሉ። ዝማም መስኮቱ ጎን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ደረበ ድንጋዩን በእግሮቹ መካከል አደረገ። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጠ።

«እትዬ ብርቄ፣ ይመልከቱኝ» አለ። በዚያች ከተማ አንቱ ብሎ የጠራት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ዳሌውን ወደ ኋላ ላከ። ዘንጉን ጨበጠ። ሆዱን በአየር ሞላ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ ሲጢጥ አለ። ከዚያ ድንጋዩ መሬቱን ለቀቀ፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ አንድ ስንዝር። የአመለወርቅ እናት እንዳለችው፣ ጀርባው ሳንቃ ነበር።

ቀስታው ባለ ወፍጮውን አላስችል አለው። እሱ የለመደው ባንዴ «ጓ!» ሲል ነው። በሩ ላይ ሆኖ «በርታ! ምን ትተኛለህ! ቶሎ በለው!» ብሎ አምባረቀ።

የሁለት ዓመት ልማድ በሰባት ሳምንት አይጠፋም። ደረበ ደነገጠና መነጨቀ። ዳሌው ቀድሞ ተነሳ። ድንጋዩ ከእግሩ ሸሸ።

«ልቀቀው!» አለች ብርቄ።

«እንዳትለቅ! ድንጋዬን!» አለ ባለ ወፍጮው።

ደረበ በኋላ ሲናገር፣ በዚያች ቅጽበት ምንም አላመመኝም ነበር ብሏል። ቀጥ ያልኩ፣ የምችል መስሎኝ ነበር ብሏል። ድንጋዩ ከወደቀ ሥራውም ቤቱም እንደሚሄዱ ያውቃል። የሚያውቀው ሁሉ አትልቀቅ ይለዋል። ልቀቅ የምትለው ከኋላው ያለች፣ ሁሉ የሚፈራት አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ሁለት እጁን ከፈተ።

ድንጋዩ በእግሮቹ መካከል ወደቀ፣ የማሽኑን ብረት መታና ለሁለት ተሰነጠቀ። አቧራው ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ደረበ ከአቧራው ውስጥ በሁለት እግሩ እየተራመደ ወጣ።

«ዛሬውኑ! ዛሬውኑ ከቤቴ ውጣልኝ!» እያለ ባለ ወፍጮው ጭንቅላቱን ይዞ ይጮሃል። ዝማም መልስ አልሰጠችውም። ሮጣ ቤት ገብታ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረች።

ሰዉ ሲበተን ብርቄ በጋሽ ልመንህ አጠገብ ልታልፍ ስትል፣ እሳቸው አቧራ ላይ እንደተቀመጡ የቀሚሷን ጫፍ ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኗን አዩ።

«ያኔ... እኔ ሳነሳ... አይተሽኝ ነበር?»

«አይቼዎታለሁ» አለች ብርቄ።

«ጎብጬ ነበር?»

«ጎብጠው ነበር። ዓመት ሙሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቡዳ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ጋሽ ልመንህ ቀሚሷን ለቀቁ።

ታሪኩ ይኸው ነው። የገባኝን ልበል። ሰው ምንም ቢበረታ ጀርባውን ማየት አልተሰጠውም፤ ለዚያ የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል። ጉልበት ብቻውን ጎባጣ ጀርባን አያቀናም፤ ይልቅ ቶሎ ይሰብረዋል። እኛ ደግሞ ጉድለታችንን አይቶ የሚነግረንን በላን እንላለን፣ ከደጃችን እናባርራለን። እሱም አፉን መዝጋት ይማራል። አይቶ ዝም ያለ ዓይን ነው ጋሽ ልመንህን የጎዳቸው፤ ዝም ያሰኘው ግን ከተማው ነው። እስቲ ያነበባችሁ ሁሉ አስቡት፦ ያየባችሁን ሊነግራችሁ የፈራ ሰው አጠገባችሁ የለም? የምትፈሩትስ እሱን ነው ወይስ የሚላችሁን?

የእያንዳንዳቸውን መጨረሻ ለሚጠይቅ፦ ባለ ወፍጮው አዲስ ድንጋይ አስመጣ፣ የክፍሉን ግድግዳ አፍርሶ አሰፋው፤ አሁን ድንጋዩን አራት ሰው ያነሳዋል። ጋሽ ልመንህ በዚያው ዓመት ክረምት ሞቱ። ዝማም ሴት ልጅ ወለደች። ደረበ በሌላ ከተማ እህል ጫኝ ሆኖ ይሠራል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ብርቄ እዚያው ናት። ገንቦዋን ይገዟታል፤ ቤታቸው ግን አያስገቧትም።